እኔም አላየሁትም ነበር

ሰሞኑን የእህቴ የልጅ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። 16 ዓመቱ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሱ ጥግ ይዞ በስልኩ ቼስ ይጫወታል። ድንገት "እንዴ!" አለ።

"አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ለምን ተወው? ገና 12ኛው እርምጃ ላይ እኮ ነን። የወሰድኩበት አንድ ወታደር ብቻ ነው።"

"ፈርቶህ ነው" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩትና ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። የሰውዬው ንግሥት መውጫ የላትም። ልጁ ፈረሱን አንድ ጊዜ ቢያነሳ ትያዛለች። አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "እኔ አላየሁትም ነበር" አለኝ። ምንም አላፈረም።

ኦንላይን ቼስ የምትጫወቱ ልጆቼ፣ "ሰው ለምን በጊዜ እጅ ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ግን ያቺ ቃል ናት። እኔ 28 ዓመት አልፎኝም አልወጣችልኝም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንብሻለሁ። የማወራችሁ የኅዳር 1988ን ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ቀን ቀን ወረፋው ደጅ ይደርሳል። ማታ ግን ትንሽ ይቀልላል። የዚያን ሰሞን አንድ ተለማማጅ ልጅ ከእኔ ጋር ተረኛ ነበር። ፈጣን፣ እጁ ንጹሕ፣ ዓይኑ ስል የሆነ ልጅ።

የወባ ስላይድ፣ ማለትም መመርመሪያው መስታወት፣ ደም ከተቀባ በኋላ ይደርቅና ጊምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል። ቀለሙን 10 በመቶ አድርገህ ከበጠበጥከው 10 ደቂቃ ይበቃዋል። 3 በመቶ ከሆነ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ማታ የማያስቸኩል ሲሆን በ3 በመቶው እንሠራ ነበር። ያቺ ግማሽ ሰዓት የቼስ ሰዓታችን ናት። እጃችንን ታጥበን በረንዳ ላይ እንወጣለን።

ቦርዱንም ጠጠሮቹንም የሠራልኝ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ነው። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሰውዬው ቼስ አይቶ አያውቅም። "ፈረስ" ስለው ፈረስ ከነኮርቻው ጠርቦ አመጣልኝ። ኮርቻው ላይ ያሉት መስመሮች እንኳ ይታዩ ነበር። ከአራቱ ፈረሶች አንዱ ዛሬም ቡፌዬ ላይ አለ። ሌሎቹ በቤት ለውጥ ጠፉ።

አንድ ማታ በነጭ እጫወታለሁ። ሁለት ዘበኞችና አንዲት ነርስ ቆመው ያዩናል። ልጁ ከንጉሡ ፊት ያለውን አንዱን ወታደር ቀድሞ ገፍቶታል። ስለዚህ ወደ ንጉሡ የሚወስደው ሰያፍ መንገድ ተከፍቷል። እኔ ንግሥቴን ሲ 4 የሚባለው የቦርዱ ቤት ላይ አምጥቼ "ቼክ"፣ ማለትም ንጉሥህ ተጠቃ፣ አልኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ንጉሡ ጥግ ይሸሻል፣ ከዚያ የሚሆነውን አያለሁ ብዬ ነው።

ልጁ ቦርዱ ላይ አፈጠጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ንጉሡን በጣቱ ቀስ አድርጎ አስተኛው።

"ጋሼ፣ አየሁት" አለኝ። "ጥግ ስገባ በፈረስ ቼክ ይሉኛል። ከዚያ ንግሥቱን ይሠዉና በገዛ ሰዎቼ መካከል ታፍኜ በፈረስ እሞታለሁ። በጣም ቆንጆ ነው።"

ልጆቼ፣ ያን አላየሁም ነበር። አንዱንም እርምጃ። ዘበኞቹ አጨበጨቡ። ነርሷ "ጋሼ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚያርደው" አለች። እኔም ፈገግ ብዬ "ጎበዝ፣ በጊዜ አየኸው" አልኩት።

ሌሊት ወደ ቤቴ ስገባ አላስተኛኝ አለ። ቦርዱን ዘርግቼ ያለውን ሁሉ ተከተልኩ። እውነቱን ነው፤ ጥግ ከገባ ይሞታል። ግን ለምን ጥግ ይገባል? ዲ 7 ላይ ያልተነካ ወታደር አለው። ሁለት እርምጃ ቢገፋው ቼኩን ይከልላል። ያውም ንግሥቴን ያጠቃታል። እሷን ሳሸሽ ጨዋታው ገና ነው።

በማግስቱ አልነገርኩትም። በሦስተኛውም ቀን። ሰው ሁሉ የዚያን ጨዋታ ወሬ ያወራል፣ እኔ ደግሞ ወሬው ጥሞኛል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ሲጫወት ቶሎ ቶሎ ይተው ጀመር። ትንሽ ስገፋው "ጋሼ ያዩት ነገር አለ" ይላል። በጣም የከፋኝ ግን እሱ አይደለም። ማይክሮስኮፑም ላይ እንደዚያው ሆነ። ድሮ "ወባ ነው" ብሎ በእርግጠኝነት የሚጽፍ ልጅ "ጋሼ፣ እርስዎ አይተውት ይሁን?" ማለት አመጣ።

የእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለው። ደሙ በወፍራሙ በተቀባበት ስላይድ ላይ ቢያንስ 100 መስክ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ በአንዴ የሚታየውን ቦታ 100 ጊዜ፣ ሳታይ ወባ የለም ብለህ አትጽፍም። 99 ባዶ ቢሆን 100ኛውን ታያለህ። ይህን ሕግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቦርዱ ላይ ግን አንድ ወታደር እንኳ እንዲያይ አላደረግኩትም። ልምምዱን ጨርሶ ሲሄድ "ቼስ ለእኔ ጭንቅላት አልሆነም" ብሎኝ ተሰናበተኝ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 1989 ላይ፣ የቼስ ተጫዋቹ ጋሪ ካስፓሮቭ ኒውዮርክ ውስጥ ዲፕ ብሉ ከሚባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ጋር ተጫወተ። በሁለተኛው ጨዋታ እጅ ሰጠ። በኋላ ጨዋታው ሲመረመር አቻ ማውጣት ይችል እንደነበር ተገለጸ። የዓለም ሻምፒዮን ነው! ማሽኑ እንዲህ ያለውን ነገር አይስትም ብሎ አመነ። ያን ሳነብ ስለ ካስፓሮቭ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለዚያ ልጅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችሁ ላይ ልምጣ። ኦንላይን ሰው በጊዜ የሚተውበት ምክንያት ብዙ ነው። ዳታ ያልቅበታል። መብራት ይጠፋል። ታክሲው ደርሶ ይወርዳል። ጣቱ ስቶ ንግሥቱን የማይሆን ቦታ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ደካማ ሰው እንዲደርሰው ሬቲንጉን፣ ማለትም የችሎታ ነጥቡን፣ ሆን ብሎ ያወርዳል፤ ይህ በትልልቆቹ የቼስ ድረ ገጾች የተከለከለ ነው። መጀመሪያ ውጤቱ ሥር የተጻፈውን አንብቡ። "እጅ ሰጠ" እና "ሰዓት አለቀበት" አንድ አይደሉም። መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ሰዓቱ አልቆ ወይም ጨዋታውን ጥሎ ወጣ ተብሎ ነው የሚሸነፈው። እጅ የሰጠው ግን ቁልፉን ራሱ ተጭኗል። ከተጫኑት ብዙዎቹ ደግሞ የሆነ ነገር ስላዩ ነው። ምናልባት እናንተ ያላያችሁትን። ምናልባት ጭራሽ የሌለውን።

እናንተ ግን ያን ሰው ምን እንዳየ አትጠይቁትም። የዛሬ ልጅ "አዲስ ጨዋታ" የምትለውን ቁልፍ ለመጫን ይቸኩላል። የሦስት ደቂቃ ጨዋታ፣ ከዚያ ሌላ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ። ሬቲንጉ ተጨመረልኝ፣ በቃ። ድሮ አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼስ ሲጫወቱ ዙሪያው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። "ለምን ተውከው? ያንን ብታነሳስ!" ይባላል። ዛሬ ስልክ ላይ እንዲህ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ራሳችሁ በሉት። ቦርዱን ሳትዘጉ፣ ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼስ ፕሮግራም ሳትከፍቱ፣ አምስት ደቂቃ በዓይናችሁ ፈልጉ። ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ሰውዬው ካልወጣ ጻፉለት፤ "ምን አይተህ ነው?" በሉት። ካላያችሁትም አላየሁትም በሉት።

በጊዜ እጅ አትስጡ ልላችሁ ነበር። ግን እኔ ራሴ ያለቀ ጨዋታ የሚጎትት ሰው አልወድም፤ ትናንትም ንግሥቴ ስትሄድ ትቼዋለሁ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍ አልነግራችሁም። ያን እናቶቻችሁ ይበቃሉ።

ሊጠይቀኝ ለመጣው የእህቴ የልጅ ልጅ ያን ቀን ቦርዱን ዘርግቼ የ1988ቱን ጨዋታ አሳየሁት። የነበረውንም ሁሉ ነገርኩት።

"ለምን አልነገሩትም?" አለኝ።

"ማሸነፌን ወድጄው ነበር።"

ትንሽ አሰበና "አሁንስ ቢነግሩት?" አለ።

ስልኩ የለኝም። የት እንዳለም አላውቅም። አንተ ልጅ፣ ይህ ከደረሰህ፣ ያን ማታ እኔም አላየሁትም ነበር። ንጉሡን ወደ ጥግ አታሽሸው። ዲ 7 ላይ ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ግፋው። ተራው የእኔ ነው።