የሕይወት ታሪካቸው በለቅሶ ሌሊት አይጻፍ

ልጆቼ፣

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምርና «በውትድርና ሙያ አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል፤ የእነ እገሌ አባት፣ የብዙ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ» ብሎ ያበቃል። የማንም ወታደር ስም ቢገባበት ያስኬዳል። እንዲህ የሚሆነው ወረቀቱ በለቅሶው ሌሊት ስለሚጻፍ ነው። አንዱ ልጅ ያለቅሳል፣ አንዱ ድንኳን ፍለጋ ይደውላል፣ እስክሪብቶ የያዘው ደግሞ «ለመሆኑ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተቀጠሩት?» ይላል። የሚመልስለት የለም።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ የአባታቸውን ስም ፍለጋ የሚመጡ ልጆችን ብዙ አስተናግጃለሁ። አብዛኞቹ በእጃቸው ያለው «ኮሪያ ዘምተዋል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። በዚህች ብቻ ሰው አይገኝም።

ኮሪያን ያነሣሁት የራሴም አባት የዘመቱት እዚያ ስለሆነ ነው። ወደ ኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ይባል ነበር። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጅቡቲ በመርከብ ተጓዘ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ አቁም እስኪፈረም ድረስ ከ3,000 በላይ ወታደሮች ተራ በተራ እየተተካኩ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። ይህን ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። የእናንተ አባት ወይም አያት ግን የስንተኛው ቃኘው ሰው ነበሩ? አንደኛው ከሆኑ አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሄዱ ከሆነ የውጊያው ቦታም አዛዡም ሌላ ነው። የነበሩበትን ሻለቃና ሻምበል ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም እኮ ጦሩን ቃኘው ያሉት በአባታቸው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባትን ማስታወስ እዚያው ስሙ ላይ አለ።

ፎቶግራፍ ስታገኙ ጀርባውን ገልብጡ። 1952 የሚል ካለ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። በፈረንጆቹ ከሆነ ጦርነቱ መሀል ላይ ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ ፎቶውም ምናልባት ከነጭራሹ ኮሪያ አይደለም። በዚህች ነገር ብቻ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ መዝገብ ሲያገላብጥ የከረመ ሰው አውቃለሁ። ስማቸው በውጭ ፊደል እንዴት ይጻፍ እንደነበረም ከመታወቂያቸው ላይ ገልብጡ። የውጭ አገር ጸሐፊ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ አንዱን ሰው ሦስት ሰው አድርጎት ይገኛል።

ይህ ሁሉ የወረቀቱ ሥራ ነው። የሚከብደው ማናገሩ ነው።

የድሮ ወታደር ዝም ካለ ሰው ሁሉ «ያየው መከራ ነው ዝም ያሰኘው» ይላል። ለአንዳንዱ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ዝምታው ሌላም ምክንያት ነበረው። ኮሪያ የዘመቱት የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ ሰዎች ነበሩ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው የዚሁ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነው። ከዚያ ወዲህ «ክቡር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት እንደ ቀድሞው አላኮራም። ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ለደቡቡ መዋጋት በአደባባይ የሚወራ ነገር አልሆነም። ሜዳሊያው ሣጥን ገባ። ልጆች በነበርንበት ጊዜ ሣጥኑን ስንነካ ይቆጡን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባን ጎልማሶች ከሆንን በኋላ ነው። ስለዚህ አባታችሁ ካልተናገሩ ቆስለዋል ብላችሁ ብቻ አትደምድሙ፤ ዝም ማለትን የተማሩበትን ዘመንም ጠይቁ።

«ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ የሚጀምር ልጅ አለ። ተዉት፣ እሱ ጥያቄ አይደለም። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?»ም አይጠቅምም፤ መልሱ «መጥፎ ነው ልጄ» ነው፣ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ትንሽ ነገር ጠይቁ። አባቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ እሑድ ማታ የልጅ ልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ጫማ ደርድረው ይጠርጉ ነበር። መጀመሪያ ከሶሉ ጠርዝ ጭቃውን በክብሪት እንጨት ያወጣሉ፣ ቀጥሎ ቀለሙን ቀብተው ያደርቃሉ፣ መጨረሻ ላይ በአሮጌ ጨርቅ ያብሱታል። ካልሲም በእጃቸው ጨብጠው እርጥብ መሆኑን ሳያዩ አያልፉም። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ «አባባ፣ እዚያም ጫማ ትጠርግ ነበር?» አላቸው። እኛ ለዓመታት ያላገኘነውን እሱ በጫማ አገኘው። በረዶው፣ ሌሊቱ፣ እርጥብ ካልሲ እግር እንደሚጨርስ፣ ካልሲውን ከካፖርት ሥር ሆዳቸው ላይ አድርገው በገላቸው ሙቀት እንደሚያደርቁት፣ ይህን ያሳያቸው ጓዳቸው ማን እንደነበረና የት እንደቀረ፣ ሁሉንም አወሩት። እራቱ ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተነሣም።

እናቶቻችሁንም ጠይቁ። ባል የዘመተባት ሚስት መዝገብ ቤት የሌለ ነገር ታውቃለች፦ ደመወዙ በማን እጅ ይደርስ እንደነበር፣ ሲመለሱ ከየትኛው ልጅ ጋር እንደተላመዱ፣ የትኛው ልጅ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብሎ እንደሸሸ።

አንድ ነገር ልቆጣችሁ። የተዋጉበትን ዓላማ መጠየቅ፣ ከፈለጋችሁም አለመስማማት መብታችሁ ነው። ነገር ግን ዛሬ ፖለቲካ ያስቆጣችሁን ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ላይ አትጫኑ። በተቃራኒውም ሐውልት አታድርጓቸው። ሐውልቱ ካስፈለገ አዲስ አበባ አፍንጮ በርም አለ፣ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማም አለ። የቃኘው ወታደሮች በጦርነቱ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው እንደነበርም አትርሱ፤ ይህን ከምሽጉ ወሬ እኩል ጻፉት። ጫማ መጥረጉንም ጻፉት። ማታ ማታ በር መዘጋቱን ዞሮ ማየት፣ ልጅ ሲታመም ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር፣ ከአነስተኛ ጡረታ ላይ ለደብተር መቁረጥ፣ ይህም አገልግሎት ነው፤ ያውም ረጅሙ።

ወረቀቱን አሁኑኑ፣ በሕይወት እያሉ ጻፉና ራሳቸው ፊት አንብቡላቸው። «ሟርት ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ «ለልጆቹ ማስታወሻ ነው» በሉት። ቤተሰብ ማዕረግ መጨመር ይወዳል። እኛ ቤት አንዱ አጎት አባቴን ሻምበል አድርጓቸው ነበር። ሲነበብላቸው እጃቸውን አነሡና «ሃምሳ አለቃ ነኝ። ሻምበሉ ሌላ ሰው ነው፣ የሱን ወስዳችሁ ለኔ አትስጡኝ» አሉ። ከዚያ የሻምበሉን ስም ከነአባቱ አስጻፉን፤ የሱ ልጆች ቢፈልጉት ብለው ጨመሩበት። ሁለት ቦታ ላይ «ጀግና» የሚለውን አስፋቁ፣ አንዱን ተዉት። የትኛውን እንደተዉት ልጆቼ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ወረቀቱን አውጥቶ ማየት እንደሚቻል ነግሬያቸዋለሁ።