"ዩ ሚስድ ሚ" ብለሽ ለጻፍሽው እህቴ

ቅድም "ናፍቀኸኛል በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው? 'ዩ ሚስድ ሚ' ብዬ ብጽፍለት እጮኛዬ 'ዌን?' (መቼ?) ብሎ መለሰልኝ" ብለሽ የጠየቅሽው እህት፣ ይሄ መልስ ላንቺ ነው። የት እንዳለሽ አልጻፍሽም። እኔ ድሮ እንደነበርኩት ዓረብ አገር ነሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።

1ኛ. በአማርኛ "ናፈቅከኝ" ስትዪ የቃሉ ባለቤት እሱ ነው። ሆድሽ የሚባባው አንቺ ብትሆኚም አድራጊው እሱ ሆኖ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ይሄን ይገለብጠዋል። የናፈቀው ሰው ይቀድማል፣ የተናፈቀው ይከተላል፦ "አይ ሚስ ዩ"። "ዩ ሚስድ ሚ" ስትዪው "ናፍቄህ ነበር" ወይም "መጥተህ ሳታገኘኝ ቀረህ" ብለሽዋል። ሚስ ኮል የምንለውም እኮ ያው ቃል ነው፤ ሳይነሳ ያመለጠ ስልክ። "ዌን?" ያለሽ ለዚህ ነው።

ዓረብኛ ከለመድሽ ግን አይከብድሽም። ቤይሩት ውስጥ "እሽታእትለክ" ሲሉ ባለቤቱ የናፈቀው ራሱ ተናጋሪው ነው፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ስለዚህ ስትጽፊ ከአማርኛው አትነሺ፣ ከዓረብኛው ተነሺ። እኔ በኋላ የያዝኩት በዚህ ነው።

2ኛ. "ናፈቅከኝ" መልኩ ያለፈ ጊዜ ስለሆነ እጃችን ቶሎ ወደ "ሚስድ" ይሄዳል። አሁንም ከራቀሽ "አይ ሚስ ዩ" ነው። "አይ ሚስድ ዩ" ኤርፖርት ስትቀበዪው፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥመሽ የምትዪው ነው። ልትለያዩ ስትሉ ደግሞ "አይ ዊል ሚስ ዩ"። "በጣም" ለማለት "ቬሪ" አታስገቢ፤ መጨረሻው ላይ "ሶ ማች" ይበቃል።

3ኛ. "ሚሲንግ" የምትለዋን ቃል ተጠንቀቂያት። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሺኝ።

ቤይሩት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ደሴ እናቴ ጋ ትቻት ነው የሄድኩት። እሁድ እሁድ ብቻ ነበር እንድደውል የሚፈቀድልኝ። አንድ እሁድ በኢሞ "እማዬ ናፈቅሽኝ፣ ነገም ደውዪ" ብላ አለቀሰችብኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በሳምንት ሁለቴ እንድደውል አሠሪዬን ማዳምን ልለምናት ወሰንኩ። ዓረብኛዬ ገና ነበር፣ ከማዳም ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። ጠዋት ታቡሌ ለሚባለው ሰላጣ በቅዱኒስ አብረን እየከተፍን "ማዳም፣ ማይ ዶተር ኢዝ ሚሲንግ" አልኳት።

ልጄ ናፍቃኛለች፣ እኔም ናፍቄያታለሁ ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው "ልጄ ጠፍታለች" የሚል ነው።

ቢላዋውን ጥላ "ያ ሐራም!" (ወይኔ ምስኪን!) አለች። የበቅዱኒሱ ቅጠል ጣቶቿ ላይ እንደተለጠፈ ስልኳን አንስታ መክተብ (ሠራተኛ የሚያስቀጥረው ቢሮ) ደወለች። መክተቡ አዲስ አበባ ላለው ወኪል፣ ወኪሉ ለእናቴ ደወለ። "ልጅቷ ጠፍታለች ተብሏል" አላት። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናውን እሳት ላይ ትታ፣ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ እስከ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ እየጻፈች አገኘቻት። እናቴ ደም ብዛት አለባት። ሦስት ቀን ተኛች።

ማታ የመክተቡ ሰውዬ ደውሎ ጮኸብኝ። "አገርሽ ለመመለስ የፈጠርሽው ውሸት ነው" አለኝ። ቃል ተሳስቼ ነው ብለው ማን ይስማኝ። ስልኬን ለሁለት ወር አስቀማኝ። በሳምንት ሁለቴ ልደውል ብዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ቀረሁ። "ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያቃናችልኝ የማዳም ትልቋ ልጅ ናት። ወጥ ቤት መጥታ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። "ማይ ዶተር ኢዝ ሚሲንግ ሚ" ብል ኖሮ ልክ ነበርኩ። የጎደለችኝ "ሚ" ብቻ ናት! "ሚሲንግ" ከኋላዋ የተናፈቀው ሰው ካልተጠራ፣ ጠፋ ማለት ነው። "ማይ ዶተር ሚሲዝ ሚ" ካልሽ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ከዛ ፈረንሳይኛም እንደናንተ ነው አለችኝ፤ "ቱ ም ማንክ" ሲባል ባለቤቱ የተናፈቀው ሰው ነው። ደንቆሮ ሆኜ እንዳልተሳሳትኩ ያኔ ገባኝ። ልቤ አረፈ።

ያቺን ወረቀት ይዣት ነው አገሬ የገባሁት። ዛሬ ደሴ የራሴ ልብስ ቤት አለኝ። ዓረብ አገር ለመሄድ የሚሰናዱ ልጆች ሻንጣና ልብስ ሊገዙ ሲመጡ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ፣ ጮክ ብለው እንዲሉትም አደርጋለሁ። ሳይሉት አልለቃቸውም።

አንቺ ለእጮኛሽ ብዙ ማብራሪያ አትጻፊለት። ዛሬ ማታ "አይ ሚስ ዩ ሶ ማች" ብለሽ ላኪለት። አሁንም "ዌን?" ካለሽ "ኤቭሪ ዴይ" በዪው።