«ሜዝመራይዝ»፦ ማስተኛት፣ ማፍዘዝ ወይስ መማረክ?

ጥያቄ፦ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዳንሰኛዋን የሚያዩ ሰዎች «ሜዝመራይዝድ» ሆኑ ይላል። መዝገበ ቃላቴ «አስተኛ፣ አደነዘዘ» ብሎ ይፈታዋል፤ ሰዎቹ ግን አልተኙም። ቃሉ ከየት መጣ? ከ«ፋሲኔት»ስ በምን ይለያል? (ከአዳማ)

መልስ፦ መዝገበ ቃላትዎ አልተሳሳተም፤ የሰጠዎት ግን የድሮውን ፍቺ ነው።

ቃሉ የተወለደው ከሰው ስም ነው። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር እ.ኤ.አ. በ1734 በኮንስታንስ ሐይቅ አጠገብ የተወለደ፣ ቪየና የተማረ ሐኪም ነበር። በሰው አካል ውስጥ የማይታይ ፈሳሽ ይመላለሳል፣ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ይታመማል ብሎ ያምናል፤ ኃይሉንም ከማግኔት ጋር ያመሳስለዋል። በ1778 ፓሪስ ገብቶ ሕሙማንን በቡድን ማከም ጀመረ። መካከል ላይ ክዳን ያለው ትልቅ የእንጨት ገንዳ ይቀመጣል፤ ውስጡ የውኃ ጠርሙሶችና የብረት ብናኝ አለ። በክዳኑ ቀዳዳዎች ቆልመም ያሉ የብረት ዘንጎች ይወጣሉ፤ ሕመምተኛው ዘንጉን የሚያመው ቦታ ላይ ያስጠጋል። ሜስመር ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየ እጁን ከላይ ወደ ታች ያመላልስበታል። የሚንቀጠቀጥ ነበር፣ ራሱን የሚስትም ነበር።

«አስተኛ» የሚለው ፍቺ የመጣው ከተማሪው ከማርኪ ደ ፒዩሴጉር በኩል ነው። በ1784 አንድ ወጣት ገበሬ ሲያክም፣ ወጣቱ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ውስጥ ገብቶ እያለ ይናገርና ይመልስ ነበር።

በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሾመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮይዚየ ነበሩበት። ፈተናቸው ዛሬም ያስደንቃል። በፍራንክሊን አትክልት ስፍራ አንድ የአፕሪኮት ዛፍ «ማግኔት ተደረገበት» ተባለ። ዓይኑ የታሰረ ልጅ ሌሎቹን ዛፎች ሲያቅፍ ቆይቶ አራተኛው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ትክክለኛው ዛፍ ግን ገና ሩቅ ነበር። የሠራው ፈሳሹ ሳይሆን የልጁ ሐሳብ ነው ሲሉ ደመደሙ።

የሜስመር ስም ግን በእንግሊዝኛ ግስ ሆኖ ቀረ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድ በ1840ዎቹ «እንቅልፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል «ሂፕኖቲዝም»ን አወጣና የሕክምናውን ፍቺ ቀስ በቀስ ይህ ወሰደው። ለ«ሜዝመራይዝ» በአብዛኛው የቀረለት ምሳሌያዊው ነው፤ ዓይንን ወይም ጆሮን ይዞ አለመልቀቅ።

«ፋሲኔት» ከዚህ ይሸመግላል። በላቲን «ፋሲናሬ» በአስማት መያዝ ማለት ነው፤ «ፋሲኑም» ደግሞ ሮማውያን ልጆቻቸውን ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ የሚያንጠለጥሉት ክታብ። ዛሬ በእንግሊዝኛ የማወቅ ጉጉትን ይይዛል። የጉንዳን ኑሮ አንድን ሰው ዓመታት «ፋሲኔት» ሊያደርገው ይችላል፤ «ሜዝመራይዝ» የሚያደርገው ግን እዚያው ፊቱ ያለው ነገር ነው፦ እሳት፣ ማዕበል፣ ድምፅ፣ ውዝዋዜ።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ እኛም «አፍዝ አደንግዝ» የሚል ቃል ስላለን «አፈዘዘ» በጣም ይቀርበዋል። ሆኖም ይጠንቀቁ፤ «ፈዛዛ» ሰነፍ፣ ንቃት የሌለው ሰው ነው፤ «ደነዘዘ» ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ ስሜት አልባ ያደርጋቸዋል። «ተማረኩ» ስሕተት ባይሆንም ለዘብ ይላል፣ ዓይኑን አያሳይም። ለእርስዎ ዓረፍተ ነገር እኛ የምንመርጠው «ዓይናቸው እሷ ላይ ተተክሎ ቀረ» ወይም «ፈዘው ቀሩ» የሚለውን ነው። ተናጋሪ ከሆነ «በንግግሩ አፍዞ ያዛቸው» ይሄዳል። «ልብ አንጠልጣይ» ግን አይሆንም፤ እሱ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን የሚል ጭንቀት ነው።

በእንግሊዝኛ ሲጽፉበት በብዛት የሚበላሸው መጨረሻው ነው። «አይ አም ሜዝመራይዚንግ» ካሉ ሰው የሚያፈዝዙት እርስዎ ነዎት፤ የፈዘዘው ሰው «ሜዝመራይዝድ» ነው። ቀጥሎ የሚገባው «ባይ» ነው። ሲነበብ ከመጀመሪያው «ሜ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ኤስ ተብሎ ቢጻፍም ድምፁ «ዝ» ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለውን «ዝ» አሜሪካኖች በዜድ ይጽፉታል፣ እንግሊዞች ብዙውን ጊዜ በኤስ።