ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር፦ ለድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ስለ ኤምጂቢ፣ ትራያምፍና ጃጓር የቻርጅ ጣጣ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። እንዳንደናገር ያህል፣ ሁለቱም በሞተሩ እየዞሩ ኤሌክትሪክ አመንጭተው ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርጉ ናቸው፤ ዲናሞ ስል የድሮውን፣ አልተርኔተር ስል አዲሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ1965 ኤምጂቢ አለችኝ። ማታ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የፊት መብራቱ ይደክማል፣ ቀዩ የቻርጅ መብራትም ይበራል። ስነሳ ይስተካከላል። ዲናሞው ሞቷል?

መልስ፦ አልሞተም፣ ተፈጥሮው ነው። ያንተ ሲ40 ነው፣ ሉካስ የተባለው የእንግሊዝ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ የሠራው። ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል፣ እሱንም ሞተሩ ሲሮጥ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሲሠራ፣ የሚያመነጨው ከምንም አይቆጠርም። ያን ጊዜ መኪናዋን የሚሸከማት ባትሪው ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ዲናሞ ዋናውን ከረንት የሚሰጠው ከሚሽከረከረው ክፍል ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ከልክ በላይ ከፈጠነ ይበተናል። ስለዚህ ትልቅ ፑሌጃ ይገጠምለትና ረጋ ብሎ ይዞራል። አልተርኔተር ግን ከረንቱን የሚሰጠው ከማይዞረው ክፍል ነው። የሚዞረው ክፍል ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ፑሌጃ ይችላል፣ ሚኒሞ ላይም በደንብ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ልቀይረው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ሂሳቡን ሥራው። የፊት መብራት ረጅሙ 2 ጊዜ 60 ዋት ነው፣ 10 አምፔር በለው። የጎንና የኋላ መብራት 3 ገደማ። ቦቢናው (የብልጭታ ከረንት ሰጪው) ከ3 እስከ 4። ዝናብ መጥረጊያ 3፣ የማሞቂያው ቬንትሌተር ሌላ 3 ወይም 4። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ 3 ተኩል ይጨመራል። የክረምት ማታ በዝናብ ከነዳህ 22ቱን አልፈሃል።

ፀሐይ ሲወጣ ብቻ የምትወጣ መኪና ከሆነች ግን ዲናሞው ይበቃታል። ከጀርባው ባለችው ቀዳዳ በሰርቪስ ጊዜ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጣልበት፣ ካርቦኑን እይለት፣ ተወው። ኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ለራዲያተሩ ልትገጥም ካሰብክ ወይም ማታ ማታ የምትነዳ ከሆነ ቀይር።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ምንም ሳትገዛ በፊት ቴስተር ያዝ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። 2500 ዙር ላይ ከ14 በላይ ከሆነ የቻርጅ ሲስተምህ ጤነኛ ነው። ዝቅ ካለ መጀመሪያ ቺንጋውንና የሞተሩን ማሳ ሽቦ (ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘውን) ተመልከት። በዝገት ምክንያት ስንቱ ደህና ዲናሞ እንደተጣለ ቤት ይቁጠረው።

ጥያቄ፦ መኪናዋ ፖዘቲቭ ማሳ ናት አሉኝ። አልተርኔተር ለመግጠም መገልበጥ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ። ፖዘቲቭ ማሳ ማለት የባትሪው ፖዘቲቭ ከመኪናው ቦዲ ጋር ታስሯል ማለት ነው፣ የተለመዱት አልተርኔተሮች ግን በሙሉ ኔጌቲቭ ማሳ ናቸው። በተገለበጠ ባትሪ ላይ ካገናኘኸው ዳዮዶቹ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎቹ) እዚያው ይቃጠላሉ። ኤምጂቢ ራሷ ወደ ኔጌቲቭ ማሳ የዞረችው በ1967 መጨረሻ፣ አልተርኔተር ሲገጠምላት ነው። ጃጓር ኢ-ታይፕ ቀድማ በ1964፣ ከ4.2 ሊትሩ ሞተር ጋር ተቀይራለች።

ሥራው እንደሚያስፈራው አይደለም። ባትሪውን ንቀል። ያንተ መኪና ከመቀመጫው ኋላ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ይኖሯታል፣ ሁለቱንም አዙራቸው። የፖዘቲቩ ራስ ከኔጌቲቩ ወፈር ስለሚል የድሮው መያዣ አልገባ ሊልህ ይችላል። በመዶሻ አትታገለው፣ አዲስ መያዣ ግዛ። ከዚያ የቦቢናውን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር፦ ፖዘቲቩ ወደ ቁልፉ፣ ኔጌቲቩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ። ብትረሳውም ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ብልጭታው ይደክማል።

ሞተሪኖውና አምፖሎቹ ግድ የላቸውም። በማግኔት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ካለ ግን ወደ ኋላ ይዞራል። ማሞቂያው ድሮ ከሚነፍሰው አንሶ ከነፈሰ የሱን ሁለት ሽቦ አዙር። ሬዲዮ፣ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽንና አዳዲስ የቤንዚን ፓምፖች ከመገናኘታቸው በፊት የተጻፈባቸውን አንብብ። የድሮው ባለ ፕላቲን የኤስዩ ቤንዚን ፓምፕ ብዙ ጊዜ ምንም አይለውም። አዳዲሶቹ ግን ዳዮድ ስላለባቸው ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ ለጊዜው ማሳውን ገልብጬ ዲናሞውን ባቆየውስ?

መልስ፦ ይቻላል። ግን ዲናሞው አዲሱን አቅጣጫ መማር አለበት። ሁለቱንም ሽቦዎች ከዲናሞው ንቀል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣ ሽቦ ጫፍ ኤፍ የተባለችውን ትንሿን ተርሚናል ሁለት ሦስት ጊዜ ንካ አድርገህ ልቀቅ። ትንሽ ብልጭታ ታያለህ፣ በቃ። አትያዝበት። ይህን ሳታደርግ ሞተር ብታስነሳ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ታቃጥላለህ።

ጥያቄ፦ አርፒኤም ጌጁስ፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው?

መልስ፦ በኬብል የሚሠራ ከሆነ አይነካውም። ኤሌክትሪክ የሆነው የስሚዝስ ጌጅ ግን ተከፍቶ ውስጡ መስተካከል አለበት። እጅህ ከጥቃቅን ብየዳ ጋር ካልተስማማ ለባለሙያ ስጠው።

ጥያቄ፦ የቱን አልተርኔተር ልግዛ? እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው።

መልስ፦ እንግሊዝ ላለ ሰው የሉካስ 16፣ 17 ወይም 18ኤሲአር ነው የሚቀናው። 16ቱ 34 አምፔር፣ 17ቱ 36፣ 18ቱ ደግሞ ከ40 በላይ ይሰጣሉ። ሬጉሌተራቸው ውስጣቸው ነው። አሜሪካ ላለኸው ደግሞ ብዙ ሰው የሚገጥመው ዴልኮ 10ኤስአይ ነው፣ 63 አምፔሩ። በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል። መያዣውን ትንሽ መሞረድና ስፔሰር መጨመር ይጠይቃል።

በአንድ ሽቦ ብቻ የሚሠራ የሚባለውን አልወደውም። ብዙዎቹ ለመንቃት አንዴ ነዳጅ እስክትሰጣቸው ይጠብቃሉ፣ ቀዩ መብራትም ይቀርብሃል። በድሮ መኪና ላይ ያ መብራት ከየትኛውም ጌጅ ይበልጣል።

ስትገጥም ፑሌጃው ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር ይሁን። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈህ እይ። ቺንጋው በረጅሙ በኩል መሐሉ ላይ ሲጫን 12 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጥ። ከዚያ በላይ ማክረር ኩሽኔታዎቹን መብላት ነው።

ጥያቄ፦ የድሮውን የሬጉሌተር ሳጥን ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው፣ ባዶውን ለሽቦ ማገናኛ ይሆናል። ከውጭ የሚያይ ምንም አያውቅም። ግን ውስጡ ያሉት መጠምጠሚያዎች ከሥራ ውጪ መሆን አለባቸው።

አሠራሩ ይኸውልህ። በአርቢ340 (የድሮው ሬጉሌተር ሳጥን ሞዴል) ላይ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኢ እና ደብሊውኤል የተባሉ ተርሚናሎች አሉ። ዲ ላይ ያለው ወፍራም ቡናማ-ቢጫ ከቢ ቡናማ ሽቦዎች ጋር ይገናኛል፣ ይህ አሁን የቻርጁ መስመር ሆነ። ኤፍ ላይ ያለው ቡናማ-አረንጓዴ ደግሞ ከደብሊውኤሉ ቀጭን ቡናማ-ቢጫ ጋር፣ ይህ የቀዩ መብራት መስመር ነው። ጥቁሩ የማሳ ሽቦ ለብቻው ይቀራል። በሌላኛው ጫፍ ወፍራሙ ወደ አልተርኔተሩ ትልቁ ተርሚናል፣ ቀጭኑ ወደ ትንሹ ይገባል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ኮፈኑን ይዘጋል። ያ ወፍራም ሽቦ የተሠራው ለ22 አምፔር ነው። ባትሪው ባዶ ሆኖ አልተርኔተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ መጀመሪያ የሚሰቃየው ጫፉ ነው። ናሱ ይጠቁራል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ቀልጦ ይደርቃል፣ ስትነካው እንደ ብስኩት ይሰበራል። ስለዚህ ከአልተርኔተሩ ወደ ሞተሪኖው ሶሎኖይድ (ወደ ትልቁ ማብሪያው) አዲስ ኬብል ዘርጋ። ለ36 አምፔር 6 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 8.5 አድርገው። በሶሎኖይዱ በኩል ከአልተርኔተሩ አምፔር ከፍ ያለ ፊውዝ ጣልበት፣ ለ36ቱ 50 አምፔር ይሆናል። የዲናሞ ሽቦ ሞተሩ ሲጠፋ ይተኛል፣ የአልተርኔተር ሽቦ ግን ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር ነው። አንድ ቦታ ተፍቆ ማሳ ከነካ እሳት ነው።

ጥያቄ፦ ትራያምፍ ቲአር4 ነው የያዝኩት፣ አምፔር ጌጅ አለው። ይህ ሁሉ ለሱም ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። አዲሱን ኬብል በቀጥታ ወደ ሶሎኖይዱ ስትወስደው ግን ጌጁ ታልፏል ማለት ነው። ሁልጊዜ ባትሪው እየተራገፈ እንደሆነ ያሳይሃል፣ ውሸቱን ነው። በቮልት ጌጅ ቀይረው።

ጥያቄ፦ የኔዋ የ1959 ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት ናት፣ ያቺ ዓይነ ፍጥጥ።

መልስ፦ እሷን ተጠንቀቂ እህቴ። አርፒኤም ጌጇ የሚዞረው ከዲናሞው ጀርባ በሚወጣ ኬብል ነው። ዲናሞው ሲወጣ ጌጁም አብሮ ይሞታል። ላንቺ የሚሆነው በዲናሞ ቅርጽ የተሠራ፣ ከኋላው የኬብል መግቢያ ያለው አልተርኔተር ነው። ውድ ነው፣ ግን መልኳ አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ሉካስ ግን ለምን ይህን ያህል ይሰደባል?

መልስ፦ የጨለማው ልዑል የሚለውን ቀልድ እኔም እስቅበታለሁ። ግን 50 ዓመት ያለፈው ማገናኛ የማንም ፋብሪካ ቢሆን ይዝጋል። ግማሹ ጥፋት ከኛ በፊት መኪናውን የያዙና ሽቦ በፕላስተር የቀጠሉ ሰዎች ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አደረግኩ፣ ቻርጅ ያደርጋል። ግን ቀዩ መብራት ማታ ማታ ደብዘዝ ብሎ ይበራል።

መልስ፦ ያ መብራት በሁለት ወገን ባለ ቮልቴጅ መካከል ነው የተቀመጠው። ጥቂት ከበራ በአልተርኔተሩና በቁልፉ መካከል ልዩነት አለ ማለት ነው። የፊት መብራቱን አብርተህ ሞተሩን ወደ 2500 ዙር አምጣው። ቴስተሩን ከአልተርኔተሩ ትልቅ ተርሚናል ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ አድርግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ የላላ ወይም የዛገ ማገናኛ አለ። እዚያ ደህና ከሆነ በቁልፉና በፊውዝ ሳጥኑ በኩል ፈልግ። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ አንድ ዳዮድ ሄዷል፣ አልተርኔተሩን አስፈትሸው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅለህ "ልሞክረው" እንዳትል ብቻ፣ ያ በዲናሞ ዘመን የቀረ ጨዋታ ነው፣ የቀሩትንም ዳዮዶች ይዞብህ ይሄዳል።