ስለ ፎረንሲክ (ለወንጀል ማጣሪያ የሚውል) የዲኤንኤ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ ሰው ዲኤንኤ ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ መገኘቱ ጥፋተኛነቱን ያረጋግጣል?

መልስ፦ አያረጋግጥም። ምርመራው የሚነግረን ሕዋሱ የማን እንደሆነ እንጂ መቼና በምን መንገድ እዚያ እንደደረሰ አይደለም። በጀርመን ሃይልብሮን እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት ፖሊስ ከተገደለች በኋላ የአንዲት ያልታወቀች ሴት ዲኤንኤ ተገኘ፤ ይኸው ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በበርካታ የወንጀል ስፍራዎች ስለታየ መርማሪዎች ለዓመታት አንዲት ነፍሰ ገዳይ ሲያድኑ ኖሩ። በ2009 እንደተደረሰበት ግን ዲኤንኤው ናሙና የሚወሰድበትን የጥጥ እንጨት ታዘጋጅ የነበረች የፋብሪካ ሠራተኛ ዲኤንኤ ነበር። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር፤ ሆኖም ጀርምን መግደል ዲኤንኤን አያጠፋም።

ጥያቄ፦ ደም የነካው ልብስ እንዴት ይቀመጥ?

መልስ፦ ደርቆ፣ በወረቀት ከረጢት። ፕላስቲክ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል። ጓንትም በየናሙናው ይቀየር።

ጥያቄ፦ ስለ ጄኔቲክስ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ቢሰጡን?

መልስ፦ ስለ የትኛው ናሙናና ስለ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ በዚህ መልኩ ለቀረበ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ሥር የሌለው ፀጉር ይጠቅማል?

መልስ፦ አዎን፣ በማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል) ውስጥ በሚገኘው ዲኤንኤ። ይህ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ በእናት በኩል የሚዛመዱትን ሁሉ ያመለክታል፤ አንድን ሰው ለይቶ አይጠራም።

አንድ አባል፦ የሁሉም ዜጋ ዲኤንኤ ቢመዘገብ ይህ ሁሉ ችግር ባልኖረ ነበር።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ለአሥርተ ዓመታት ያልተያዘው ነፍሰ ገዳይ የታወቀው የሩቅ ዘመዶቹ የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ በሰጡት ዲኤንኤ ነው። ለዚህ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው?

የመጀመሪያው አባል፦ ነፍሰ ገዳይ ከተያዘ ማን ይጎዳል?

መልስ፦ ክርክሩ የሕግ አውጪዎች ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃ። የሃይልብሮኑን ጉዳይ ግን ያስታውሱ፤ ሁሉም ሰው ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ በነፍስ ግድያ በተያዘች ነበር።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤው የተገኘው በሟቹ ጥፍር ላይ ከሆነስ? ያ እንኳ አያጠራጥርም።

መልስ፦ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ በሟቹ ጥፍር ላይ ዲኤንኤው የተገኘ ሰው በነፍስ ግድያ ተከሶ ለወራት ታሰረ። በዚያች ሌሊት ግን ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እርሱን የረዱት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ከሰዓታት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሲጠሩ ዲኤንኤውን ሳያውቁት ይዘውት ሄደዋል። ነጻ ያወጣው የሕክምና መዝገቡ እንጂ ሌላ የዲኤንኤ ምርመራ አልነበረም።