ቀረጡን ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እያሠራሁ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። በቅርቡ ፍራንክፈርት ለምትኖር ደንበኛዬ የላክሁትን ቀሚስ፣ ስትረከብ ታክስ ክፈይ ስለተባለች ሳትወስደው ቀርታ ጥቅሉ ተመልሶ መጣብኝ። አሠራሬን እንዴት ላስተካክል?

መልስ፦ ደንበኛዎን ያስቀየማት ታክሱ ሳይሆን ቀድሞ አለመነገሩ ይመስለናል። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ ለማይበልጥ ዕቃ ይፈቅድ የነበረውን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የመሆን መብት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ስላነሳ፣ ጀርመን የሚገባ ቀሚስ ዋጋው ቢያንስም 19 በመቶ ይታሰብበታል፤ ከ150 ዩሮ ካለፈ የጉምሩክ ቀረጥም ሊከተል ይችላል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ማስገባትን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማለች። ስለዚህ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት በሚያየው ገጽ ላይ «የመድረሻ አገር ቀረጥና ታክስ በዋጋው አልተካተተም» የሚል ዐረፍተ ነገር በጉልህ ይጻፉ።

በደረሰኙም ላይ «ስጦታ» ብለው አይጻፉ (ብዙዎች ያደርጉታል፣ ሐሰት ነው)፤ «በእጅ የተሸመነ የሴት የጥጥ ቀሚስ፣ 1» ብለው ትክክለኛውን ዋጋ ያስፍሩ።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ ለውጭ ደንበኛ ዋጋውን በዶላር ወይም በዩሮ መተመን ይሻላል። ስትራይፕ የተባለው የኢንተርኔት ክፍያ መቀበያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ ሒሳብ ስለማይከፍት፣ ክፍያውን በባንክዎ በኩል በውጭ ምንዛሪ ይቀበሉ። አሜሪካ ባለ ዘመድ ሒሳብ መቀበል ቢቀልም፣ ገንዘቡ የዘመድዎ ገቢ ተደርጎ ግብር ሊያስጠይቀው ይችላል።