የልጅሽን ውርወራ አንቺው ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ልጅ ታወሰኝ። የ11 ዓመት ልጅሽ ቤዝቦል ላይ ፒቸር (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ነው፣ በሁለት ቡድን ይጫወታል፣ ከጨዋታ በኋላ ክርኑን ያመዋል። ኮቹ «በረዶ ያዙለት» ብሏል። አንቺ ደግሞ «ላስቁመው ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ ዛሬውኑ አስቁሚው። ሐኪም ሳያየው አንዲት ኳስ እንዳይወረውር። በረዶ ሕመሙን ያደነዝዘዋል እንጂ የተጎዳውን አያድንም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ የምኖር አባት ነኝ። ወንዱ ልጄ ቤዝቦል፣ ሴቷ ደግሞ ቤዝቦልን የሚመስለውን ሶፍትቦል ይጫወታሉ።

ልጄ 12 ዓመቱ እያለ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሊግ፣ እሑድ ለትራቭል ቡድኑ (ወደ ሌላ ቦታ እየተጓዘ ለሚጋጠመው) ይወረውር ነበር። ሁለቱም ኮቾች የየራሳቸውን ቁጥር በትክክል ይይዛሉ። የሁለቱን የሚደምር ግን አልነበረም። እኔም አልደመርኩም። ያደግኩት በእግር ኳስ ነው፤ ስለ ቤዝቦል ኮቹ ያለኝን ሁሉ እሺ እል ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ እናቱ አየችውና ተቆጣችው። ያኔ ነው «ቀኝ እጄ አልዘረጋ አለኝ» ያለው። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ችሎ ዝም ብሏል።

ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ በልጆች ክርን ውስጠኛ ጎን አጥንቱ የሚያድግበት ገና ያልጠነከረ ቦታ አለ። በእያንዳንዱ ውርወራ ጅማቱና ጡንቻው ያንን ቦታ ይስቡታል። ትልቅ ሰው ላይ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ልጅ ላይ ግን ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ማደጊያ ነው። ትከሻም ላይ እንዲሁ ያለ ጉዳት አለ። ልጄ ሦስት ወር ኳስ አልነካም። አለቀሰ፣ ግን ያለ ቀዶ ጥገና ዳነ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛሁ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል (የአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ) እና ዩኤስኤ ቤዝቦል (የአገሪቱ የቤዝቦል አካል) ያወጡት ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አለ። ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ አይለፍ ይላል። ከ21 እስከ 35 ከወረወረ 1 ቀን ያርፋል፣ እስከ 50 ከሆነ 2 ቀን፣ እስከ 65 ከሆነ 3 ቀን፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 4 ቀን። ክንዱ የሚያውቀው አንድ ድምር ብቻ ነው፤ ማሊያ ስለተቀየረ አዲስ ቁጥር አይጀምርም። የቅዳሜው 70 ከሆነ፣ እሑድ ለሌላው ቡድን መወርወር የለም።

በዓመት ውስጥም ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ ይረፍ፤ ከዚያ ውስጥ 2 ወይም 3 ወሩ ተከታታይ ይሁን። በዚህ ጊዜ ዋና ይዋኝ፣ እግር ኳስ ይጫወት። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የሚወረውሩ ወጣቶች ለቀዶ ጥገና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ከርቭ ቦል (ኳሱ እንዲታጠፍ ተደርጎ ስለሚወረወረው) ብዙ ይወራል። እኔን ግን ከአወራወሩ ዓይነት ይልቅ ብዛቱና ድካሙ ነው የሚያሳስበኝ።

በዚያው ቀን ፒቸርነቱን ጨርሶ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበል) የሚሆን ከሆነም ተከታተይ። ካቸር ኳሱን ሁሉ ወደ ፒቸሩ መልሶ ይወረውራል። ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት 41 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ፒቸር በዚያው ቀን ካቸር እንዳይሆን ይከለክላል።

ሴት ልጅ ያላችሁም ስሙኝ። ሶፍትቦል ከታች ስለሚወረወር ክንድ አይጎዳም ሲሉ ትሰማላችሁ። እውነት አይደለም። ክንዷን እንደ መንኮራኩር ስታዞር ጫናው የትከሻዋ ፊት ላይ ያርፋል። ብዙ ሊጎች ደግሞ ገደብ ስለማያስቀምጡ አንዲት ልጅ ቅዳሜና እሑድ ተከታታይ ጨዋታ ትወረውራለች። የእኔዋን እኔው ነኝ የምገድባት።

ልጅሽን «አመመህ?» ብለሽ ጓደኞቹ ፊት አትጠይቂው። «አላመመኝም» ነው የሚልሽ። የእኛ ልጆች ቻል አድርገው ተብለው ነው ያደጉት። ቤት ውስጥ ሁለቱንም ክንዶቹን እኩል እንዲዘረጋ አድርጊና እያስተያየሽ እዪ። ቦርሳውን በየትኛው እጅ እንደሚያነሳም እዪ።

ለኮቹ አጭር መልእክት በቂ ነው፦ «ክርኑን ስላመመው ሐኪም እስኪፈቅድለት አይወረውርም።» ቦታውን ያጣል ብለሽ አትፍሪ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሁለቱንም ቡድን የጨዋታ ፕሮግራም ያዢ፤ ስንት እንደወረወረና መቼ እንዳረፈ መጠየቅሽ አይቀርም።